«ሬንት» ተከራየ ነው ወይስ አከራየ? የመጋዘን ውል ትርጉም ላይ ተይዤያለሁ

ቦርከና_ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ኮምቦልቻ ያለ የአንድ መጋዘን የኪራይ ውል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ግሥ ላይ ቆሜያለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነው፦

«ዘ ካምፓኒ ሻል ሬንት ዘ ዌርሃውስ ፎር ኤ ፒሪየድ ኦፍ ስሪ ይርስ።»

ካምፓኒው መጋዘኑን «ይከራያል» ልበል ወይስ «ያከራያል»? መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል። ተዋዋዮቹ ሁለቱም ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት ስለሆኑ «ካምፓኒ» የሚለው ስም ማንን እንደሚል አይለይም። ነገ ረፋድ ላይ ለፊርማ ይፈለጋል። ግሡን የምለይበት ቁርጥ ያለ መንገድ ካለ ብትነግሩኝ።

የአራዳው_መምህር

አብሽር፣ መንገድ አለው። «ሬንት» በራሱ አቅጣጫ የለውም። የሚናገረው ንብረት በገንዘብ ለጊዜው እጅ መለወጡን ብቻ ነው። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ የሚለውን የሚነግሩህ ከጎኑ ያሉት ቃላት ናቸው።

«ሬንት» ብሎ ቆይቶ «ፍሮም» ካመጣ ተከራየ ነው። «ቱ» ካመጣ አከራየ ነው። «ሬንት አውት» ካለ ያለ ምንም ጥርጥር አከራየ ነው፤ «አውት» ንብረቱን ከባለንብረቱ እጅ ወደ ውጭ ስለምታወጣው «ሬንት አውት» ብሎ ተከራየ ማለት የሚባል ነገር የለም። መስተዋድድ ሳይኖር ከግሡ ቀጥሎ ሰው ከመጣም («ሺ ሬንትድ ሚ ኤ ሩም» እንደሚባለው) አከራየችኝ ነው።

ይህ ሁሉ ከሌለ ከንብረቱ ስም በፊት ያለችውን ትንሽ ቃል እይ። «አይ ዎንት ቱ ሬንት ኤ ሃውስ ኢን ደሴ» ብሎ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ቤት ፈላጊ ነው። «ኤ» የምትለውን አውጥተህ «ማይ» ብታስገባባት ያው ሰው ባለቤት ሆኖ ተከራይ ይፈልጋል። ሌላው ቃል ሁሉ እንዳለ ነው። ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ ይዞ ተከራይ የሚፈልግ ሰው «አይ ዎንት ቱ ሬንት ኤ ሾፕ» ብሎ ቢለጥፍ የሚደውሉለት ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ «ሬንት አውት» ካላለ ወይም «ፎር ሬንት» ብሎ ካላሳጠረው ጉዳዩ አይደርስለትም።

ንብረቱ ራሱ በሰዋስው ባለቤት ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ አጠቃቀም አለ። «ዘ ሾፕ ሬንትስ ፎር 9,000 ብር ኤ መንዝ» ማለት ሱቁ በወር 9,000 ብር ይከራያል ነው። ሰውም የለበት፣ ሰጪና ተቀባይም የለበት፤ ዋጋ ብቻ።

የአንተ ዓረፍተ ነገር ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የለበትም። «ዘ» ደግሞ አትረዳም፤ የታወቀ መጋዘን መሆኑን እንጂ የማን መሆኑን አትናገርም። እንዲህ ያለውን እንግሊዝኛ አንባቢ በልማድ የሚወስደው ተከራየ ብሎ ነው። ግን ልማድ ስለሆነ ውል ላይ አልመክርህም።

በነገራችን ላይ አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ግሥ ላይ የሚቸገረው የእኛ ቋንቋ አቅጣጫውን ግሡ ላይ ስለሚለጥፈው ነው። ተበደረ አበደረ፣ ተዋሰ አዋሰ፣ ተከራየ አከራየ፤ በ«ተ» መጣ፣ በ«አ» ሄደ። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች «ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚባሉ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ለሦስተኛው ግን አንዱን ለሁለቱም ያውለዋል። «ብዕርህን አውሰኝ» ለማለት «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚል ተማሪ የሚሳሳተው «ቦሮው»ን እንደ «ሬንት» ሁለት አፍ ያለው አድርጎት ነው።

የውል_ሰው

መምህሩ የቋንቋውን በሚገባ ተናግሯል። ውል ሲሆን ግን ግሡን ለጊዜው ተወውና ግዴታዎቹን አንብብ።

መጀመሪያ መግቢያውን፣ «ዌርአዝ» እያለ የሚጀምረውን ክፍል እይ። ብዙ ጊዜ የመጋዘኑ ባለይዞታ ማን እንደሆነ የሚነገረው እዚያ ነው። ቀጥሎ የክፍያውን አንቀጽ ፈልግ፤ «ሻል ፔይ» የተባለው ወገን ተከራይ ነው፣ ክፍያው የሚገባለት አከራይ ነው። ከሁሉ አስተማማኙ ይህ ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጀ ሰው በሌላው ቢዘናጋም በገንዘቡ አይዘናጋም። ከዚያ ቁልፍ የሚያስረክበውንና በውሉ ማብቂያ መጋዘኑን መልሶ የሚያስረክበውን ለይ። አባሪ ካለ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ የተጻፈው ስም ከየትኛው ተዋዋይ ጋር እንደሚገጥም ተመልከት።

ጥገናንና ኢንሹራንስን ግን ማስረጃ አታድርጋቸው። ጣሪያ ማደስን ተከራይ የሚሸከምበት ውል ሞልቷል፤ ባለ መጋዘኑ ለሕንጻው፣ ተከራዩ ለሸቀጡ፣ ሁለቱም ኢንሹራንስ ሊገቡ ይችላሉ። ካርታውም ቢሆን ብቻውን አያጸናም፤ የተከራየውን መልሶ የሚያከራይ ድርጅት በካርታው ላይ ስሙ የለም፣ አከራይ ግን ነው።

ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው። እንግሊዝኛው አሻሚ ሆኖ አማርኛውን «ያከራያል» ብለህ ከጻፍክ፣ አሻሚውን ግልጽ አደረግኸው ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛ በትርጉም ስም ከቃሉ እንዳይወጣ ይከለክላል። በ1734 ደግሞ ቃሉ አሻሚ ከሆነ የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል። ስለዚህ የአንተ አንድ ፊደል ጉዳዩን ከ1734 ወደ 1733 ልታሻግረው ትችላለች። ውሉ «ሁለቱ ቋንቋዎች ቢለያዩ የአማርኛው ይጸናል» የሚል አንቀጽ ካለው ይባስ።

ከሌሎቹ አንቀጾች ካልተለየልህ ራስህ አትምረጥ። ለሰጠህ ሰው «በዚህ አንቀጽ አከራዩ ማን ነው?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። ከተቻለ እንግሊዝኛው ላይ «ሬንት» ወጥቶ «ሬንት ፍሮም» ወይም «ሬንት አውት ቱ» እንዲገባ አድርግ።

ሰኞ_ገበያ

ለምን ታከብዱታላችሁ? አከራይ ሲሆን «ሊዝ»፣ ተከራይ ሲሆን «ሬንት» ብሎ መለየት ነው። አማርኛውም «በሊዝ ሰጠ» ቢባል ያልቃል።

የውል_ሰው

ወንድሜ፣ ሁለቱም አይሆኑም። እንግሊዝኛው «ሊዝ» እንደ «ሬንት» ሁለት ወገን ነው፤ «ሊዝ ፍሮም» አለ፣ «ሊዝ ቱ»ም አለ። በ«ሬንት» ቦታ ብትተካው ችግሩ እንዳለ ይቆይና ቃሉ ብቻ ይለወጣል። እውነት ለአከራይ ብቻ የሚሆን ቃል ከፈለግህ የእንግሊዞቹ «ሌት» አለልህ፤ «ሌት» ያለ ባለ ንብረቱ ነው። በር ላይ «ቱ ሌት» የሚል ሰሌዳ ካየህ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። ያለፈ ጊዜውም «ሌት» ነው፤ አይለወጥም።

አማርኛው ላይ «ሊዝ» ማለት ደግሞ አደገኛ ነው። በእኛ አገር ሊዝ ሲባል ሰው የሚያስበው የከተማ ቦታ ከመንግሥት የሚያዝበትን ሥርዓት ነው። የሊዝ አዋጁ የሚለው እሱን ነው፤ ጨረታ ወይም ምደባ፣ የሊዝ ዋጋ፣ የሊዝ ዘመን እያለ። አንድ ድርጅት ለሌላው ድርጅት ለ3 ዓመት መጋዘን ሲሰጥ ሊዝ አይባልም። ኪራይ ነው። ፍትሐ ብሔሩም ቤትንና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ከቁጥር 2896 ጀምሮ፣ የሚንቀሳቀሰውን ደግሞ ከ2727 ጀምሮ በኪራይ ስም ነው የሚያነሳቸው። «መጋዘኑን በሊዝ ሰጠ» ብለህ ብትጽፍ አንባቢው መሬቱን ነው እንዴ ብሎ ይጠይቃል። በእርግጥ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ መሬቱ በሊዝ፣ በላዩ ያለው ሼድ በኪራይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ሰነድ ሲገናኙ ነው ቃላቱን መለየት ይበልጥ የሚያስፈልገው።

እዚያው ሳለሁ «ሌሰር» እና «ሌሲ» የሚባሉትን ልብ በሉ። በ«ኦር» የሚያልቀው አከራይ፣ በሁለት «ኢ» የሚያልቀው ተከራይ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ስለሚለያዩ ረቂቅ ላይ ተገልብጠው የሚገኙት ጊዜ ቀላል አይደለም። «ሬንተር» የሚለውን ደግሞ ውል ውስጥ አታስገቡት፤ በብዛት ተከራይ ነው፣ ግን አከራይ አድርጎ የሚወስደውም አይጠፋም።

ጦሳ_ግርጌ

እንግሊዝኛውን ስትወቅሱ የእኛን አትርሱት። አማርኛውም ወጥመድ አለው፣ የባሰውም እሱ ነው።

«ተከራየ» ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው «ድርጅቱ መጋዘኑን ተከራየ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ተገብሮው ነው፤ «መጋዘኑ ተከራየ» ሲባል መጋዘኑ ተከራይ አገኘ ማለት ነው። ሁለቱን የምትለያቸው ተሳቢዋ «ን» ብቻ ናት። አሁን «የተከራየው ድርጅት» ብለህ ጻፍ። መጋዘን የተከራየ ድርጅት ነው? ወይስ ድርጅቱ ራሱ ለሌላ ተከራይቷል? ሆቴል ወይም ወፍጮ ቤት ከነዕቃው ሲከራይ ሁለተኛው በእውነት የሚባል ነገር ነው። ውል ላይ ስለዚህ «የተከራየው» የሚለውን ብቻውን አታቁመው። «ተከራይ ከአከራይ የተከራየው መጋዘን» በል ወይም «ለኪራይ የተሰጠው መጋዘን» በል።

ሌላው የፊደል ነገር ነው። እነዚህን ተመልከቱ፦ ይከራያል፣ ያከራያል። መከራየት፣ ማከራየት። ተከራይ፣ አከራይ። በእያንዳንዱ ጥንድ የተለወጠው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ «ይ»ና «ያ» ደግሞ በትንሽ ፊደል ታትመው ፎቶ ኮፒ ከተደረጉ ዓይን ይሸወዳል። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም አይይዝልህም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። መፍትሔው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግሡን ብቻውን አለመተው ነው። «አከራይ መጋዘኑን ለተከራይ ያከራያል» ብለህ ሦስቱንም ብታስገባ አንዱ ፊደል ቢሳሳት ሌሎቹ ያጋልጡታል። ለጆሮ ሸካራ ነው፣ ለውል ግን ይሄ ነው የሚሻለው።

ዐረብኛ የቀራችሁ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ኪራይ ከዐረብኛው «ኪራእ» ጋር ዘመድ ነው፤ እዚያም «አክራ» ሲል አከራየ፣ «ኢክተራ» ሲል ተከራየ ነው። እንደኛው ግሡን ራሱን ይለዩታል።

ቦርከና_ማዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የክፍያውን አንቀጽ ሄጄ አየሁት፤ «ዘ ክላየንት ሻል ፔይ ዘ ካምፓኒ» ይላል፣ በየሦስት ወሩ። እንግዲህ ካምፓኒው ተቀባይ ነው፣ አከራይ መሆኑ ነው። በልማዱ ብሄድ ኖሮ ገልብጬው ነበር።

አንድ ሌላ አለኝ። ወደ መጨረሻው አካባቢ «ዘ ክላየንት ሜይ ሃየር ኤ ፎርክሊፍት ፍሮም ዘ ካምፓኒ ኦን ኤ ዌት ቤሲስ» ይላል። «ፍሮም» ስላለ አቅጣጫው ገብቶኛል። ግን «ሃየር» መቅጠር አይደለም እንዴ? «ዌት»ስ ምንድን ነው?

ሎደር_በሰዓት

«ሃየር» ከኋላው የሚመጣውን አይቶ ነው የሚተረጎመው። ሰው ከመጣ ቀጠረ ነው፤ ሹፌር፣ ዘበኛ፣ ጠበቃ። ዕቃ ወይም ማሽን ከመጣ ተከራየ ነው፤ ይህኛው አነጋገር የእንግሊዞች ነው፣ አሜሪካኖቹ ለመኪናም «ሬንት» ነው የሚሉት። «ሃየር አውት» ካለ አከራየ። ፎርክሊፍት ስለማይቀጠር የአንተው ተከራየ ነው። ሚኒባስ ከደሴ ኮምቦልቻ ለብቻ ሲያዝ ግን «ተከራየ» ብትልም ሰው የሚለው «ኮንትራት ያዘ» ነው፤ ለተራ ጽሑፍ እሱ ይሻላል፣ ለውል «ተከራየ» ይሁን።

«ዌት» እና «ድራይ» የማሽን ኪራይ ቃላት ናቸው። «ድራይ» ማሽኑ ብቻ ነው፤ ኦፕሬተሩን የምታመጣው አንተ ነህ። «ዌት» ማሽኑ ከነኦፕሬተሩ ነው። «እርጥብ ኪራይ» ተብሎ የተጻፈ ትርጉም እንዳላይ፤ አንባቢው ፎርክሊፍቱ ዝናብ መታው ብሎ ነው የሚያስበው። «ከነኦፕሬተሩ» በለው፣ አለቀ።

የሚያጣላው ነዳጁ ነው። አንዳንዱ «ዌት» ሲል ነዳጅንም ይጨምራል፣ አንዳንዱ ኦፕሬተሩን ብቻ ነው የሚለው። ቃሉን በመተርጎም አይፈታም፤ በውሉ ውስጥ ነዳጁ በማን እንደሆነ ለብቻው ካልተጻፈ አስጽፈው። እግረ መንገድህን እነዚህም መኖራቸውን እይ፦ ሰዓቱ የሚቆጠረው በማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ ነው ወይስ በቀን? በቀን ስንት ሰዓት ቢያንስ ይታሰባል? ማሽኑ ሥራ አጥቶ ሲቆም ማን ይከፍላል? በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭነው ተጎታች) ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ የመምጫውና የመመለሻው በማን ነው? ጎማ ቢፈነዳ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ ቢበጠስስ? በድራይ ኪራይ ኦፕሬተሩ የተከራዩ ስለሆነ ጥፋቱም ወደ እሱ ያዘነብላል፤ በዌት ግን ማሽኑን ያበላሸው የአከራዩ ሰው ሊሆን ነው። «ዌት» የምትለዋ ቃል ይህን ሁሉ ታዝላለች፤ በአማርኛ በአንድ ቃል ልትሸከምልህ አትችልም።

ሆጤ_ሰፈር

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ሌላ «ሬንት» አለ፣ ከኪራይ ጋር ዝምድና የሌለው። «ሬንድ» የሚል ግሥ አለ፣ መቅደድ ማለት ነው፤ ያለፈ ጊዜው «ሬንት» ነው። በድሮ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ላይ «ሂ ሬንት ሂዝ ጋርመንትስ» ካጋጠማችሁ ልብሱን ቀደደ ነው እንጂ ልብስ ተከራየ አይደለም። አሁን በንግግር የሚጠቀምበት የለም። መለያው ቀላል ነው፤ የኪራዩ ባለፈ ጊዜ «ሬንትድ» ይሆናል፣ ያለፈ ድርጊት ሲናገር «ሬንት» ብሎ ካቆመ ቀደደ ነው።

ኪራይ ሰብሳቢ የሚባለውም ከዚሁ መንደር ነው። በኢኮኖሚክስ «ሬንት ሲኪንግ» የሚሉትን የመለሱበት ነው፤ አዲስ ሀብት ሳይፈጥሩ በሥልጣን፣ በፈቃድ ወይም በኮታ ተጠግቶ ሌላው ያፈራውን መውሰድ። «ሲኪንግ» መፈለግ፣ መሻት ነው እንጂ መሰብሰብ አልነበረም። ቃሉ በኢሕአዴግ ዘመን ከሬዲዮ እስከ ቀበሌ ስብሰባ ሲዘወተር፣ በሐቅ ቤቱን አከራይቶ የሚኖር ሰው ስሙ የተነሳ መስሎት ቢሸማቀቅ አይፈረድበትም። ለኢኮኖሚክሱ «ሬንት» ኪራይ የሚለው ቃል ራሱ ልክ አልመጣም፤ ግን ከተለመደ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

ቦርከና_ማዶ (ጠያቂ)

የመጨረሻው እንዲህ ሆኗል፣ እዩልኝ፦

«አከራይ (ካምፓኒው) በዚህ ውል የተገለጸውን መጋዘን ለተከራይ (ለደንበኛው) ለሦስት ዓመት ያከራያል።»

«ተከራይ ፎርክሊፍት ከነኦፕሬተሩ ከአከራይ ሊከራይ ይችላል። የነዳጅ ወጪ የሚሸፍነው ወገን በዕለቱ የሥራ ትእዛዝ ላይ ይገለጻል።»

የነዳጁን ዓረፍተ ነገር ደውዬ ጠይቄ፣ ሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ ተስማምተው ነው ያስገባሁት። እንግሊዝኛው ላይም «ሬንት» በ«ሬንት አውት ቱ» እንዲተካ ተስማምተዋል።

የአራዳው_መምህር

እንግሊዝኛው ላይ «ቱ» ብለህ ካቆምክ «ዘ ክላየንት» መከተል አለበት፤ ንብረቱም ቦታው ይስተካከል፦ «ሻል ሬንት አውት ዘ ዌርሃውስ ቱ ዘ ክላየንት»። «ቱ ዘ ዌርሃውስ» ተብሎ ከገባ ለመጋዘኑ አከራየ ይሆናል።

የውል_ሰው

አማርኛው ደህና ነው፣ ሁለት ነገር ብቻ። «ለሦስት ዓመት» ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቀኑን ጻፍ፤ የዘመን አቆጣጠሩንም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለህ ለይ፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ በራሳቸው አቆጣጠር ስለሚሆን ሁለቱ ካልተናበቡ በመጨረሻው ወር ክርክር ይመጣል። ሁለተኛ፣ «ካምፓኒው» እና «ደንበኛው» በቅንፍ የሚገቡት መጀመሪያ ሲጠቀሱ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፊርማው ድረስ አከራይና ተከራይ በላቸው። ሲታተም ደግሞ «ያከራያል» የሚለውን «ያ» ጣትህን አሳርፈህበት አንብበው።

ቦርከና_ማዶ (ጠያቂ)

ሁለቱንም አስተካክያለሁ። መጀመሪያው ረቂቅ ላይ አንድ ቦታ «ይከራያል» ብዬ ኖሯል፤ አገኘሁት።